የአባቴ ኪስና ሁለተኛው ቁልፍ

አባቴ በየማለዳው አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ተነሥተው መኪናዋን ያሞቁልኛል። ያሞቁልኛል ያልኩት እሳቸው የሚሉት እንደዚያ ስለሆነ ነው እንጂ፣ ትሙቅልኝ ብዬ ጠይቄ አላውቅም። የዘመኑ መኪና መሞቅ እንደማያስፈልገው ቢያንስ አሥር ጊዜ ነግሬያቸዋለሁ። ሩብ ሰዓት ያህል አስነሥተው ካቆዩዋት በኋላ ያጠፏታል፣ በሩን ይቆልፋሉ፣ ቁልፉን ኮታቸው ኪስ ይከቱትና በእግራቸው ወደ ቤተ ክርስቲያን ወይም ወደ ለቅሶ ይሄዳሉ። እኔ አንድ ሰዓት ላይ ለባብሼ ስወጣ መኪናዋ ሞቃ፣ ተወልውላ፣ ተቆልፋ ትጠብቀኛለች።

ቁልፏ ደግሞ አንድ ብቻ ነው።

የገዛናት በ2007 ዓ.ም. መጨረሻ ነው፤ ግማሹን አባቴ ከዘር ድንች ንግዳቸው፣ ግማሹን እኔ ከደመወዜና ከዕቁቤ አዋጥተን። ትንሽ ብርማ የጃፓን መኪና ናት። የሸጠልን ሰውዬ ሁለተኛው ቁልፍ ቤት ሲቀይር እንደጠፋበት ነገረን፤ አባቴም "አንድ መኪና ስንት ቁልፍ ሊኖራት ነው?" ብለው ፈረሙ። ስምምነታችን ግልጽ ነበር፤ ከሰኞ እስከ ዓርብ ቀን ቀን የእኔ፣ ከዚያ ውጭ የእሳቸው። ይህን ወረቀት ላይ አለማስፈሬ የራሴ ጥፋት ነው።

የምሠራው ዳንግላ፣ አንድ የግል ክሊኒክ ውስጥ ነው፤ የላቦራቶሪ ባለሙያ ነኝ። የምኖረው ግን እንጅባራ ወላጆቼ ቤት ነው። ክሊኒኩ ሁለት ሰዓት ላይ ይከፈታል። ለደም ምርመራ የሚመጡት አብዛኞቹ ከገጠር ገና ሳይነጋ ተነሥተው፣ ምግብ ሳይቀምሱ የሚመጡ ናቸው፤ እኔ ካልደረስኩ በባዶ ሆዳቸው ግድግዳ ተደግፈው ይጠብቁኛል። የክሊኒኩ ባለቤት ወይዘሮ የሻረግ የቀድሞ ነርስ ናቸው። አይጮኹም። ደብዳቤ ይጽፋሉ።

የመጀመሪያው ደብዳቤ የካቲት ውስጥ ደረሰኝ። ሁለተኛው ሚያዝያ ውስጥ ነው፤ ያን ቀን አባቴ ቁልፉን እንደያዙ ወደ ዘንገና ለቅሶ ሄደው ነበር። ስልካቸው ዝግ ነው፤ ለቅሶ ላይ ስልክ መጮኹ ነውር ነው ብለው እዚያ ሲደርሱ ያጠፉታል። በሚኒባስ ሦስት ሰዓት ከሩብ ላይ ደረስኩ። ወይዘሮ የሻረግ ደብዳቤውን በእጄ ሰጡኝና፣

"ማናየሽ፣ ሦስተኛ ደብዳቤ የምጽፍ እንዳይመስልሽ" አሉኝ። "ከእንግዲህ አንድ ቀን ካረፈድሽ ወንበርሽ ላይ ሌላ ሴት ታገኛለሽ። ማስረጃዋን አስገብታ ሄዳለች። ቤቷ ደግሞ እዚሁ ዳንግላ ነው።"

ስለዚህ ሁለተኛ ቁልፍ ያስፈልገኝ ነበር። ከዚህ የቀለለ ነገር ያለ አልመሰለኝም።

ቁልፉን ቤት ትተውልሽ እንዲሄዱ ለምን አታደርጊም የሚለኝ ብዙ ነው። በሩ አጠገብ ምስማር መትቼ ነበር። "አባባ፣ ቁልፉን እዚህ ይስቀሉት" አልኳቸው። በማግስቱ ጃንጥላቸውን ሰቅለውበት አገኘሁት።

መጀመሪያ የሄድኩት ዳንግላ ገበያ ዳር ወዳለው ጋሽ ወገኔ ዘንድ ነው። ጋሽ ወገኔ ሰዓት ይጠግናሉ፣ መቀስ ይስላሉ፣ ቁልፍ ይቀርጻሉ። ቁልፌን ተቀብለው ወደ ብርሃን አነሡና ሁለት ጊዜ ገለባበጡት።

"ይቺ ምን አላት! ሰማንያ ብር።"

በግማሽ ሰዓት ቀርጸው ሰጡኝ። በሩን ከፈተ። ማስነሻው ውስጥ ገብቶ ዞረ። ሞተሩ ተነሣ፤ ሁለት ሰከንድ ሳይቆይ ጸጥ አለ። እንደገና ሞከርኩ፤ ተነሣ፣ ጸጥ አለ። ጋሽ ወገኔ መስኮቱ ላይ ተደግፈው ያዩኛል።

"ነዳጅ አላት?"

"አሁን ነድቻት ነው የመጣሁት።"

"እስቲ በዋናው ሞክሪያት።"

በዋናው ተነሣች፤ አልጠፋችም። ጋሽ ወገኔ አዲሱን ወሰዱና ትንሽ ሞረዱት። ያው ነው። ደግመው ሞረዱት። ያው። ሦስት ሰዎች ሥራቸውን ትተው መጥተው ቆሙ። አንደኛው ባትሪ ነው አለ፣ አንደኛው ቤንዚን ማጣሪያ ነው አለ፣ ሦስተኛው ሴት ስለምትነዳት ነው አለ።

"ጋሽ ወገኔ፣ አይሠራም እኮ" አልኩ።

"እንዴት አይሠራም? ዞሯል አይደል? የእኔ ሥራ ማዞር ነው። ከዚያ በኋላ መነሣት አለመነሣት የመኪናዋ ጠባይ ነው።"

ሰማንያውን ብር ተቀበሉኝ።

በማግስቱ ምሳ ሰዓት ላይ አዲስ አበባ ወዳለ አንድ መኪና አስመጪ ደወልኩ። የመለሰችልኝ ሴት ድምፅ ረጋ ያለ ነበር። ቁልፉ ለብቻው እንደማይሸጥ፣ ከበሮቹና ከማስነሻው ጋር ሙሉው ስብስብ እንደሚቀየር፣ ዋጋው ሃያ ስድስት ሺህ ብር እንደሆነ፣ መኪናዋም በጭነት መኪና ተጭና መምጣት እንዳለባት ነገረችኝ።

"መኪናዋ እኮ አልተበላሸችም፤ ራሷ ትሄዳለች።"

"አሠራሩ ነው እህት።"

ዘጋሁት። ከዚያ ክሊኒካችን ፋርማሲ ውስጥ የሚሠራው አዝመራው ባሕር ዳር ያለ ብሥራት የሚባል ልጅ ስልክ ሰጠኝ፤ በኮምፒውተር የመኪና ቁልፍ ይሠራል አለኝ። ደወልኩ። ብሥራት ነገሩ ገና ሳይጨረስ ገባው።

"ተነሥታ ትጠፋለች? ቺፕ ነዋ! የቁልፉ እጀታ ውስጥ ትንሽ ቺፕ አለች፤ መኪናዋ እሷን ካላወቀች ነዳጅ አትሰጥም። በሁለት ሺህ አራት መቶ ብር እሠራልሻለሁ። ቅዳሜ ቁልፉን ይዘሽ ነይ።"

ማታ እራት ላይ ይህንኑ ለቤተሰቡ አስረዳሁ። ቁልፉ ያለ ቺፕ እንደማይሠራ ስናገር እናቴ ሽታዬ ጉርሻዋን አቁማ አየችኝ።

"ቺፕስ? ከድንች የሚጠበሰው?"

"ቺፕ ነው ያልኩሽ እማ። የኤሌክትሪክ ነገር ነው፤ ኮምፒውተር ውስጥ እንዳለው።"

"ለቺፕስ ብለሽ ባሕር ዳር ድረስ?" አሉ አባቴ። "ድንቹ እዚህ መጋዘን ሞልቶ?" ቀልዳቸውን ራሳቸው ወደዱትና እስኪያስላቸው ሳቁ። ለሳምንት ያህል የመጣ እንግዳ ሁሉ ማናየሽ ቁልፍ በቺፕስ እንደምታሠራ ተነግሮታል።

ቅዳሜ ጠዋት መኪናዋን ይዤ ልሄድ ስል አባቴ በሩ ላይ ቆሙ።

"የምታሠሪው ቁልፍ ነው አይደል?"

"አዎ አባባ።"

"ሰውዬው ምን ይዘሽ ነይ አለሽ?"

"ቁልፉን።"

"ታዲያ መኪናዋ ምን ታደርጋለች? ነዳጅ ለምን ይቃጠላል? ቁልፉን ያዢና በሚኒባስ ሂጂ።"

አራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ የተማርኩት ልጃቸው ቁልፉን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ። በሚኒባስ ሄድኩ። ብሥራት ሱቁ ደጃፍ ላይ ቆሞ ነበር፤ ቁልፉን ስሰጠው ከኋላዬ መንገዱን አየ።

"መኪናዋስ?"

"እንጅባራ ናት።"

"እንዴ! ያለ መኪናው እንዴት አድርጌ ላስተዋውቀው?"

"ቁልፉን ይዘሽ ነይ ነው ያልከኝ።"

"ቁልፍ ይዞ የሚመጣ ሰው በመኪናው ይመጣል ብዬ ነዋ! ማን ነው የመኪና ቁልፍ ይዞ ሚኒባስ የሚሳፈረው?"

እኔ ነበርኩ። ብሥራት ሥቆ ሲጨርስ አዘነልኝ መሰለኝ፣ ቺፕ ያለው ቁልፍ ቀረጸልኝና የዚህ ዓይነቷን መኪና ያለ ኮምፒውተርም ማስተዋወቅ እንደሚቻል ነገረኝ። በወረቀት ጻፈልኝ። ዋናውን ቁልፍ ከትቶ አምስት ጊዜ ማብራትና ማጥፋት። ከዚያ የሾፌሩን በር ስድስት ጊዜ መክፈትና መዝጋት። ዋናውን አውጥቶ አዲሱን መክተት። ከመሪው ጀርባ ቀይ መብራት ብልጭ ድርግም ትላለች፤ በሩን ዘግቶ አንድ ደቂቃ መጠበቅ። መብራቷ ስትጠፋ መኪናዋ አዲሱን ቁልፍ አውቃዋለች ማለት ነው።

"በዚያች አንድ ደቂቃ በሩ ከተከፈተ ግን ያለፈው ሁሉ ከንቱ ነው" አለኝ። "ሦስት ጊዜ ከተበላሸ ደግሞ ተይው፤ መኪናዋ ጭራሽ ትቆለፋለች። ያኔ ዋናውም አያስነሣትም፤ አስጭነሽ ታመጫለሽ።"

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ግቢያችን በር ላይ ለሥራው ተዘጋጀን። መኪናዋ የቆመችው መንገዱ ዳር ነው፤ ግቢው ውስጥ የድንች ጆንያ ስለተከመረ አትገባም። ሾፌሩ ወንበር ላይ እኔ ልቀመጥ ስል አባቴ ቀደሙኝ።

"መኪናዋ የእኔን እጅ ነው የምታውቀው። አንቺ አንብቢ።"

አነበብኩ። አባቴ አምስት ጊዜ አበሩ፣ አጠፉ። በሩን ስድስት ጊዜ ከፈቱ፣ ዘጉ፤ እየቆጠሩ፣ ጮክ ብለው። እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ከአጥሩ ሥር ታያለች።

"አንቺ ልጅ፣ ይኸን ያዘዘሽ ደብተራ ነው እንዴ? ስድስት ጊዜ በር ክፈቱ፣ አምስት ጊዜ አብሩ? የማንን ስም ነው የምትጠሩት?"

"እማ፣ የጃፓን አሠራር ነው።"

"ጃፓንም ደብተራ አለው ማለት ነው።"

አባቴ ዋናውን አውጥተው አዲሱን ከተቱ። ቀይዋ መብራት ብልጭ ማለት ጀመረች። ሰዓቴን ያዝኩ። አሥር ሰከንድ፣ ሃያ ሰከንድ፣ ሠላሳ። አርባ ላይ ስደርስ አለቃ ገብረ ማርያም ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ በመቋሚያቸው እየተደገፉ ከጥጉ ብቅ አሉ። ሰማንያ ዓመታቸው ነው፤ አባቴን ክርስትና ያነሡት እሳቸው ናቸው። አባቴ በሩን በረገዱት፣ ወረዱ፣ ባርኔጣቸውን አወለቁ።

"ኖር!"

"በእግዜር፣ በእግዜር! ተቀመጥ!"

የትም አልተቀመጡም። ትከሻ ለትከሻ ተሳሳሙና በአዊኛ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ድንቹ፣ ስለ ከብቱ፣ ስለ ሰዉ ሁሉ ተጠያየቁ። መብራቷ ብልጭታዋን ትታ ቀጥ ብላ በርታ ቆማ ነበር፤ ሙከራው ከሽፏል። አለቃ ካለፉ በኋላ፣

"አባባ! በሩ አይከፈትም ብዬ አልነበረም?" አልኩ።

"ምን ላድርግ ታዲያ? ክርስትና አባቴ በእግራቸው ሲያልፉ ተቀምጬ በመስታወት ልያቸው?"

ሁለተኛውን ጀመርን። ከመጀመራችን በፊት መንገዱን ወደ ላይና ወደ ታች አየሁ፤ ማንም የለም። አምስት ጊዜ፣ ስድስት ጊዜ፣ አዲሱ ቁልፍ፣ ቀይ መብራት። ሃምሳ ሰከንድ ላይ ከጎረቤት ግቢ አንዲት አሮጊት ወጡ። ማን እንደሆኑ እንኳ አላውቅም። የበሩ ድምፅ ተሰማኝ።

"አባባ!"

"አንድ እግሬን ብቻ ነው ያወጣሁት!"

መብራቷ አንድ እግርና ሁለት እግር አትለይም። የቀረን አንድ ሙከራ ነው። ከተበላሸ መኪናዋ እዚያው መንገድ ዳር ተቆልፋ ትቀራለች፤ እኔም በማግስቱ ሥራ የለኝም። አባቴን ክንዳቸውን ይዤ አወረድኳቸው።

"አሁን እኔ እገባለሁ።"

"አንቺ ተቀምጠሽ ሽማግሌ ቢያልፍስ? አባቷ ኪዳኑ ልጁን አላሳደገም ሊባል ነው?"

"እርስዎ እዚህ በሩ አጠገብ ቆመው ይጠብቁ። ቀድመው ከቆሙ መነሣት የለም። ለእኔም ጭምር ይቁሙልኝ።"

ትንሽ አሰቡበት። ነገሩ ሚዛን የደፋላቸው ይመስለኛል፤ ኮታቸውን አስተካክለው፣ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው እንደ ዘበኛ ቆሙ። ሥርዓቱን በሙሉ በራሴ እጅ ሠራሁና በሩን ዘጋሁ። መብራቷ ብልጭ አለች።

ሃያ ሰከንድ ላይ አለቃ ገብረ ማርያም ተመልሰው መጡ። የረሱት ነገር ነበራቸው መሰለኝ። በዚህ ጊዜ ለአባቴ ሰላምታ ብቻ ሰጥተው አላለፉም፤ ወደ እኔ መስኮት መጥተው በመቋሚያቸው ጫፍ አንኳኩ።

"ማናየሽ ናት? ደኅና ነሽ ወይ ልጄ?"

ጎንበስ አልኩ። ከዚያ በላይ አልተንቀሳቀስኩም። ሠላሳ አምስት። አለቃ ጠበቁ። ጣቶቼን መሪው ላይ አጣብቄ ደግሜ ጎንበስ አልኩ። አርባ አምስት።

"ምን ሆና ነው የማትወርደው?" አሉ ወደ አባቴ ዞረው።

አባቴ አንዴ እኔን፣ አንዴ አለቃን አዩ። በሕይወታቸው ለአለቃ ገብረ ማርያም ዋሽተው እንደማያውቁ እርግጠኛ ነኝ።

"አሟታል አባቴ" አሉ። "ወገቧን ነው።"

"ውይ፣ እግዜር ይማራት! በዚህ ዕድሜዋ?"

መብራቷ ጠፋች። ቁልፉን አዞርኩት። ሞተሩ ተነሣ፤ ሁለት ሰከንድ አለፈ፣ አምስት አለፈ፣ አልጠፋም። ወርጄ አለቃን ተሳለምኩ፤ ወገቤን ይዤ፣ አባቴን ላለማሳጣት። ጠበል እንድጠመቅ መከሩኝ።

በማግስቱ ሰኞ ልክ አንድ ሰዓት ላይ አዲሱን ቁልፍ በጣቴ እያሽከረከርኩ ወጣሁ። ስለ ቁልፉ ማንንም ሳልለማመጥ፣ ሳልደውል፣ ሳልሮጥ የምሄድበት የመጀመሪያው ቀን ነበር። የግቢውን በር ከፈትኩት።

መንገዱ ባዶ ነው። መኪናዋ የቆመችበት ቦታ ላይ የዘይት ጠብታ አለ።

"እማ! መኪናዋስ?"

"አባትሽ አዲስ ቅዳም ለቅሶ ሄዱባት" አለች እናቴ ከውስጥ። "በእግራቸው አይደርሱማ።"

ደወልኩ። ዕድሌ ሆኖ ገና ስልካቸውን አላጠፉም።

"አባባ፣ መኪናዋን ይዘው ሄዱ?"

"አዎ፣ ምነው?"

"ሰኞ እኮ ነው! ሥራ አለብኝ!"

"ታዲያ አንቺ የራስሽ ቁልፍ አለሽ አይደል?" አሉ፤ ከልባቸው ነው። "የእኔን ቁልፍ ይዤብሽ ስሄድ ነበር የምትቸገሪው። አሁን ያንቺ አንቺ ጋ፣ የእኔ እኔ ጋ ነው። በይ ደርሻለሁ፣ ላጥፋው።"

አጠፉት።

በባጃጅ መናኸሪያ ደረስኩ። የዳንግላው ሚኒባስ ላይ ረዳቱ "ዳንግላ አንድ ሰው! አንድ ሰው!" እያለ ይጮኻል፤ ውስጡ አራት ባዶ ቦታ አለ። የአራቱን ከፍዬ "ንዳ" አልኩት። አጠገቤ የተቀመጠች ሴትዮ ጤንነቴን ተጠራጥራ ወደ መስኮቱ ተጠጋች። አንድ ሰዓት ከሩብ ላይ ወጣን። ሾፌሩ ሲነዳ ደኅና ነበር፤ ሁለት ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው እንደምንደርስ አሰብኩ።

አዲስ ቅዳም ስንደርስ መኪናውን ዳር አስይዞ ሞተሩን አጠፋ።

"ምን ሆነ?"

"ቁርስ" አለ ሾፌሩ እየወረደ። "አምስት ደቂቃ።"

"የአራት ሰው የከፈልኩት እኮ እንዳትቆም ነው!"

"ለሰው አልቆምኩም፤ ለሆዴ ነው የቆምኩት።"

ምግብ ቤቱ ውስጥ እጁን ሲታጠብ አየሁት፤ በርጋታ፣ እስከ ክርኑ። ሰዓቴን አየሁ፤ አንድ ሰዓት ከሠላሳ አምስት። ዓይኔን ከእሱ ላይ ለማንሣት ስል በሌላው መስኮት ወደ ማዶ ዞርኩ። ከአስፋልቱ ማዶ፣ መቶ እርምጃ ባልሞላ ርቀት፣ የለቅሶ ድንኳን ተተክሏል። ከድንኳኑ ጎን አጋሰሶች ታስረዋል። ከአጋሰሶቹ ጎን ብርማዋ መኪናችን ቆማለች፤ ተወልውላ፣ ተቆልፋ።

ቁልፉ እጄ ውስጥ ነበር። ከቤት ስወጣ እንደያዝኩት፣ አንድም ጊዜ አልለቀቅኩትም።

"ወራጅ!" አልኩ፤ ቆሞ ያለ መኪና ውስጥ መሆኔን ረስቼ።

አስፋልቱን ተሻገርኩ። በድንኳኑ ክፍት በኩል አባቴ ከፊተኛው ረድፍ ላይ፣ ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ተቀምጠዋል። ወግ ያለው ሰው ቢሆን ገብቶ "እግዜር ያጥናችሁ" ይላል፤ ቢያንስ አንድ ሰዓት ይቀመጣል። እኔ አልገባሁም። በሩን ከፈትኩ። ከአጋሰሶቹ አንዱ ቀና ብሎ አየኝ። ቁልፉን አዞርኩ፤ ተነሣች፤ አልጠፋችም፤ እንደውም ገና አልበረደችም ነበር። ከኋላዬ ማንም ሲጮህ አልሰማሁም። ከከተማው እስክወጣ በዝግታ፣ ከዚያ በኋላ እንደማልናገረው ነዳሁ።

ክሊኒኩ በር ላይ ወይዘሮ የሻረግ የሰዓት መቆጣጠሪያ መዝገቡን ከፍተው፣ እስክሪብቶውን ገጹ መሐል አስተኝተው ቆመው ነበር። ከጎናቸው አንዲት የማላውቃት ሴት ወረቀት የያዘ ፖስታ ደረቷ ላይ አቅፋ ተቀምጣለች። ሰባት ሰዎች ግድግዳውን ተደግፈዋል። የግድግዳው ሰዓት ለሁለት ሰዓት ሦስት ደቂቃ ጉዳይ ይላል።

ቦርሳዬ ውስጥ ስልኬ ጮኸ። አውጥቼ አየሁት፤ አባቴ ናቸው፣ ለስድስተኛ ጊዜ።

"አታነሺውም?" አሉ ወይዘሮ የሻረግ።

መጀመሪያ ፈረምኩ።